ሕዝብ የሚባል ሰው መርሳ ላይ የለም

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። አንተ እዚያች ጎማ ላይ ተቀመጥ፤ አሮጌ ናት እንጂ አታቆሽሽም፣ ጠዋት ጠርጌያታለሁ። አንቺም ነይ፣ እዚያ ፀሐዩ ይመታሻል። የማወራችሁ ብዙ አይረዝምም፤ ግን ቆመው የሚሰሙትም አይደለም።

እኔ ሞገስ ነኝ። መርሳን በመኪና ያቋረጠ ሰው ስሜን ባያውቅ ጎሚስታዬን ያውቃል። ከአስፋልቱ ዳር፣ ከዚችው ዋርካ ሥር፣ ጎማ ስለጥፍ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው፤ ስለዚህ ወሬዬ እዚህም እዚያም ቢረግጥ እለፉልኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ጎማ አይደለም። ስለ ባለቤቴ ስለ ብዙነሽ ነው፤ ወልድያ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ስለ ስሟ የቆመችበትን ቀን ነው የማወራችሁ።

ብዙነሽ የሰርግ አውራጅ ነበረች። ከመርሳ እስከ ሲሪንቃ ዳስ ተጥሎ እሷ ካልተጠራች ሰርጉ ሰርግ አይባልም። እንዲያው ድምፅ ኖሯት አይደለም፤ ድምፅስ ከእሷ የሚበልጡ ነበሩ። እሷ ያላት ቃል ነው። ያየችውን ወዲያው ግጥም ታደርገዋለች። ወጥ ቢያርር ግጥም ናት፣ ሚዜ ቢሰክር ግጥም ናት።

በእኛ አገር ደግሞ ወግ አለ። ግጥም ያለው ሰው ዘፋኟን «ተቀበይ» ይላታል። እሱ በቃል ይናገራል፣ እሷ በዜማ ታወጣዋለች። ተቀበይ የተባለች ዘፋኝ አልቀበልም ማለት አትችልም፤ ግጥሙ ራሷን የሚሰድብ ቢሆን እንኳ ትዘፍነዋለች። የተቀበለች ደግሞ ከመሄዷ በፊት «የማን ልበል?» ብላ ትጠይቃለች። ሌላ ቦታ ስትዘፍነው የእገሌ ነው ትላለች። የግጥም ዋጋው ይህችው ናት፤ ሌላ ዋጋ የለውም።

እንግዲህ በሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። የሙዚቃ ጓድ የጫነ አውቶቡስ ወደ መቀሌ ሲሄድ እኔው ደጅ ላይ ጎማው ተነፈሰ። የኋላው ነው፣ ጭነት የሚሸከመው። ከጎሚስታዬ ጀርባ የሽፈራው ልጅ ሰርግ ነበር። ከአውቶቡሱ ከወረዱት አንዷ፣ ገና ልጅ እግር፣ ከበሮውን ስትሰማ ዳሱ ውስጥ ገባች። ብዙነሽ እንግዳ አየች፤ እንግዳ ደግሞ በባዶ አይሸኝም። «ነይ ልጄ፣ አፍሽ ዘፋኝ ይመስላል፤ ተቀበይ» አለቻት።

*መኪናው ቢቆምም ጎማው ተንፍሶበት፣*
*ልቤ ግን ቀደመ አንተ ካለህበት።*

ልጅቱ ተቀበለች። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ መላልሳ ዘፈነችው። ዳሱ ተነሣ። በመኻሉ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፣ ልጅቱ ሮጠች፣ አውቶቡሱ ሄደ። የማን ልበል ሳትል።

ይህን ሁሉ እኔ በዓይኔ አላየሁም። አውቶቡሱ ሥር ክሪክ እያዞርኩ ነበር። ቤት ስንገባ ብዙነሽ ስለ አንዲት ልጅ አወራችኝ፤ እኔ ደክሞኛል፣ «እም» አልኩ፣ ግጥሙን አላዳመጥኩም። ይህ የኔ ጥፋት ነው። አስቀድሜ ልናገረው ብዬ ነው።

ሰባት ዓመት አለፈ። ድምፃዊት ውባለም የምትባል ተነሣች። ካሴቷ በዘጠና ሁለት ወጣ። ያን ዓመት ከአዲስ አበባ እስከ ራያ ሌላ ዘፈን የተሰማ አይመስለኝም። ቅኝቱ አምባሰል ነው፣ በአምባሰል ላይ ያ ድምፅ፣ እንዴት ልንገራችሁ፣ ሾፌር መሪውን ይዞ ያለቅስ ነበር።

አንድ ቀን የሚኒባሱ ሾፌር ይርጋ ጎማ ሊያስለጥፍ መጣ፤ ካሴቱን ከፍቶታል። እኔ ከመነዳሪውን ውኃ ሳፋ ውስጥ ነክሬ አረፋው ከየት እንደሚወጣ አያለሁ። ብዙነሽ ምሳዬን ይዛ መጣች። ያኔ ነው ዘፈኑ «መኪናው ቢቆምም» ያለው። ሳህኑን መሬት አስቀመጠችው።

«ይርጋ፣ ያችን መልሳት።»

መለሳት። ሰማች።

«ይቺ የኔ ናት።»

ይርጋ ሳቀ። «እትዬ ብዙነሽ፣ እኔም ስሰማት የኔ ትመስለኛለች። አገሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እንደሱ አይደለም የምልህ። እኔ ነኝ የሰጠኋት። የሽፈራው ሰርግ ላይ።»

ወደ እኔ ዞረች። እኔም፣ ምላሴን ይቁረጠውና፣ «ብዙዬ፣ ስንቱን ግጥም ነው የሰጠሽው፤ ተመሳስሎብሽ እንዳይሆን» አልኳት። አየችኝ። ሳህኑን አነሣችና ምሳውን ለይርጋ ሰጠችው። ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ወሬው ተዛመተ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ወርቅነሽ፣ ምላሷ ከሚዛኗ የሚፈጥን፣ ብዙነሽ ባለፈች ቁጥር ከመደርደሪያው ኋላ ትጮኻለች፦ «ብዙነሽ! ካሴቱ ላይ ፎቶሽን አጣሁትሳ! ከጀርባ ነው እንዴ የተነሣሽው?» የሽፈራውን ሰርግ የበሉትን ጠየቅን። ብዙነሽ እንደዘፈነች ያስታውሳሉ፤ የትኛውን ግጥም እንደሰጠች ግን ማን ያስታውስ? ግጥሙን አሁን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከሰርግ ይስማው ከካሴት ማን ይለየዋል? ሙሽሮቹም አሳይታ ወርደው ቀርተዋል።

በጥር ሰርግ ተጠራች። ከበሮውን አንሥታ «ተቀበሉኝ» ከማለቷ ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «ካሴቷ መጣች!» አለ፤ ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ብዙነሽ ከበሮውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ሰርግ ቢጠሯት አሞኛል ትላለች። እቤትም ማንጎራጎሯን ተወች። እኔ ጎማ ስመታ ከጓዳ ድምፅ ለምጄ፤ ያ ጸጥታ እንዴት እንደከበደኝ! ሰው ውሸታም ሲባል እኮ የሚወስዱበት አንድ ቃል አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረውንም ነው።

ከፋሲካ በኋላ ይርጋ ከወልድያ ወሬ ይዞ መጣ። «ጋሽ ሞገስ፣ ውባለም ቅዳሜ ኢስሐቅ ሙዚቃ ቤት ትመጣለች! ካሴቷን ለገዛ ሁሉ በእጇ ትፈርማለች!»

ብዙነሽ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋውን ሳታቆም «ቅዳሜ ስንት ሰዓት?» አለች።

ቅዳሜ ማለዳ የይርጋ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርን። መርሳ ግማሿ እዚያው ውስጥ ናት። ወርቅነሽም አለች፣ ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታ፣ ካሴቷን በጉያዋ ይዛ።

«ብዙነሽ፣ ልታስፈርሚ ነው ልትፈርሚ?» አለች።

«እንደ እግዜር ፈቃድ» አለች ብዙነሽ።

መኪናው በሳቅ ተሞላ። ሲሪንቃ ስንደርስ ያችው ዘፈን መጣች፤ ይርጋ በመስተዋት አየንና ድምፁን ቀነሰ። ወርቅነሽ «ምነው ቀነስከው? ባለቤቷ ትስማው እንጂ!» አለች። ብዙነሽ በመስኮት ማሽላውን ታያለች። እጇ ግን ጉልበቷ ላይ ምቱን ይመታ ነበር፤ እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት።

የኢስሐቅ ሙዚቃ ቤት ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። ሰልፉ ከሱቁ ወጥቶ፣ ሻይ ቤቱን ዞሮ፣ ጋራዡ ድረስ ሄዷል። ከላይ ከደጋው የወረዱ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከፊታችን ቆመው ሰልፉን ያያሉ።

«ልጄ፣ ይህ ሰልፍ የምንድን ነው?» አሉ።

«የፊርማ ነው አባቴ። ዘፋኟ ትፈርማለች።»

«በምን ጉዳይ ላይ?»

«በምንም ጉዳይ አይደለም፤ ለማስታወሻ ነው።»

«በምንም ጉዳይ ላይ ካልሆነ እንግዲህ አያጣላም። ልሰለፍ» ብለው ቆሙ።

ካሴት የሌለው ወደ ውስጥ አይገባም ተባለ። ብዙነሽን «ልግዛ?» ብላት፦ «የራሴን ቃል በገንዘብ? ሞቼ እገኛለሁ!» አለች። እኔ ሽንት ቤት መሄዴ ነው ብዬ ዞር አልኩና ካንድ አዟሪ ገዛሁት። ሳመጣው አልተቆጣችም። ሽፋኑን ገልብጣ፦ «እዚህ ከታች ያለችውን ጥቃቅን አንብብልኝ» አለች። ዓይኔን አጥብቤ አነበብኩላት፦ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ።»

«የማን?»

«የሕዝብ።»

ትንሽ አሰበች። «ሕዝብ የሚባል ሰው መርሳ ላይ የለም። ሃያ ዓመት ሰርግ ስዞር ሁሉንም አውቃለሁ» አለች። ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «እኛም ቀበሌ የለም፤ ስብሰባ ላይ ብቻ ነው የሚጠራው» አሉ።

ሦስት ሰዓት ያህል ቆመን ተራችን ደረሰ። ጠባብ ሱቅ ናት፤ ግድግዳው ሁሉ ካሴት ነው። ውባለም ከትንሽ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣለች። በፎቶው ላይ ትልቅ ሴት ትመስለኝ ነበር፤ ለካ ልጅ ናት። ነጭ ነጠላ አጣፍታለች፣ ጣቷ በቀለም ተነክሯል። ኢስሐቅ ከጎኗ ቆሞ ሰው ያሳልፋል።

«ለማን ብዬ ልፈርም እማማ?» አለች፣ ቀና ሳትል።

ብዙነሽ ካሴቱን አልሰጠቻትም። ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችና በጣቷ ያችን ጥቃቅን ጽሑፍ ነካች። «መጀመሪያ ይህችን አንብቢልኝ፣ ልጄ።»

ውባለም አነበበች። «ግጥምና ዜማ የሕዝብ።»

«ያች የጎማዋስ? እሷም የሕዝብ ናት?»

አሁን ቀና አለች። «እሷም፣ እማማ።»

«እሷ የኔ ናት።»

ከኋላችን ወርቅነሽ «ወይ ጉድ! እዚህም ይዛው መጣች!» አለች፤ ሰልፉ አጉረመረመ። ኢስሐቅ ደነገጠ። «አብሽሪ እናቴ፣ አብሽሪ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» ብሎ ክንዷን ሊይዝ ሲል ውባለም በእጇ ከለከለችው።

«የት ነው የሰጡኝ?»

«መርሳ። አውቶቡሳችሁ ተበላሽቶ። ሰርግ ቤት ገባሽ።»

ውባለም ብዕሩን አስቀመጠች። «መርሳ መቆማችን እውነት ነው። ሰርግ መግባቴም እውነት ነው። ግጥሟም ከዚያ ናት። ግን እማማ፣ እንዳልዋሽዎ፣ ዳሱ ውስጥ ብዙ እናቶች ነበሩ። ፊት አላስታውስም። ሌላዋም ነገ መጥታ የኔ ናት ብትለኝ ምን እላለሁ?»

«ባሏ ይመስክር!» አለች ወርቅነሽ ከኋላ። «እሱው ነው ጎማውን የለጠፈው!»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ልጆቼ፣ ያኔ አንዲት ውሸት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። «ሰምቻለሁ» ብል አበቃ። አፌን ከፈትኩ። ብዙነሽ አየችኝ፤ ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፣ የሳህኑ ቀን ያየችኝ ነው።

«ጎማውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ግጥሙን ግን አልሰማሁም። አውቶቡሱ ሥር ነበርኩ።»

ወርቅነሽ «ይኸው!» አለች። ፊቴ እሳት ሆነ። ሚስቴን በአደባባይ የቀበርኳት መሰለኝ።

ብዙነሽ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ወገቧ ላይ አሰረች፤ ሰርግ ቤት እንደምታደርገው። በጠረጴዛው ላይ ተሻግራ የውባለምን ክንድ ያዘች።

«ተቀበይ» አለቻት።

የወልድያ ሰው ይህን ቃል ያውቃል። ኢስሐቅ ዘወር ብሎ የሚዘፍነውን ቴፕ ዘጋው። ውባለምም የአገር ልጅ ናት፣ ወጉን ታውቃለች፤ ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች። «እቀበላለሁ» አለች።

*ልጄን የሕዝብ ብለው ስምም አወጡለት፣*
*እናቱ በሕይወት ቁማ እያለችለት።*

እንግዲህ አስቡት። ያች ስመ ጥር ዘፋኝ፣ አገሩ ሁሉ የሚሰለፍላት፣ የተወቀሰችበትን ግጥም በገዛ አፏ ልትዘፍነው ነው። አልዘፍንም ማለት ግን የለም። ዓይኗን ጨፈነች። «ልጄን የሕዝብ ብለው…» ብላ በአምባሰል ስታወጣው፣ መጀመሪያ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው፣ ከዚያ ሻይ ቤቱ ደጅ ያለው፣ ከዚያ ጋራዡ ድረስ ያለው ሰልፍ ማጨብጨብ ጀመረ። ብዙነሽ «ድገሚ» አለቻት፤ ደገመች። ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ሰለለ፣ አፏን በእጇ ያዘችና ሳቀች።

«ተያዝኩ!» አለች።

«መልሽላት!» አለ አንዱ ከውጭ። «መልሽላት እንጂ!»

«በምን አቅሜ!» አለች ውባለም። «ለኔ የተሰጠኝ ድምፅ ነው። ቃሉ የእሳቸው ነው።» ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞራ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች። «ስሙኝ። ፊታቸውን ረስቼዋለሁ። እጃቸውን ግን አልረሳሁም። ያኔም እንዲህ ክንዴን ጨምቀው ይዘው ነው የሰጡኝ። በየመድረኩ ያችን ግጥም በዘፈንኩ ቁጥር እዚህ ጋ ይሰማኛል። እሳቸው ናቸው። ስማቸውን ሳልጠይቅ የሮጥኩት እኔ ነኝ፣ የሕዝብ ብዬ ያስጻፍኩትም እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።» ወደ ብዙነሽ ተመለሰች፣ ጎንበስ አለች። «ሰባት ዓመት ዘገየሁ፣ እማማ። የማን ልበል?»

«የብዙነሽ» አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ። እስከዚያ ድረስ አልተሰበረም ነበር።

ውባለም ካሴቱን አነሣች፣ «የሕዝብ» የሚለው ላይ ሰረዝ ጫረች። ልትጽፍ ብዕሩን አስጠጋችና ተወችው። «እርስዎ ይጻፉት። ስም በባለቤቱ እጅ ያምራል» ብላ ብዕሩን ዘረጋችላት፣ ወንበሯንም ለቀቀችላት።

እናንተ አትደርሱበትም፤ በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት የሚባል ነበር። ወንዱም ሴቱም ከሥራ ሲመለስ ፊደል ይቆጥራል። ብዙነሽ ከዚያ ሁሉ ያልረሳችው ስሟን ብቻ ነው። ተቀመጠች። ብዕሩን እንደ መርፌ ያዘችው። «ብ»ን ጻፈች፣ አየችው። «ዙ»ን ጻፈች። «ነ» እግሩ ትንሽ ረዘመባት። ያ ሁሉ ሰው፣ ጫት የያዘው፣ ልጅ ያዘለው፣ ዱላ የተመረኮዘው፣ ትንፋሹን ውጦ አራት ፊደል ጠበቀ። «ሽ»ን ስትጨርስ ብዕሩን ክዳኑን ገጥማ መለሰች፤ እንግዲህ ሥራው አለቀ ብላ ነው።

አላለቀም። ጋቢ የለበሱት ሽማግሌ ከእኛ ቀድመው ገዝተው ያስፈረሙትን ካሴት ዘረጉ። «ለኔም አርሙልኝ። ስሕተት ያለበት ይዤ አልገባም።»

«ለኔም!» አለ አንዱ። «የኔንም!» አለች ሌላዋ። ኢስሐቅ ራሱን ያዘ። «ኧረ በአምላክ! በዚህ አጻጻፋቸው ሰልፉ እስከ መስከረም አያልቅም!» ውባለም ግን የለስላሳ ሳጥን ስባ ከብዙነሽ ጎን ተቀመጠች። «አብረን ነው የምንፈርመው። የቸኮለ ይሂድ» አለች።

ማንም አልሄደም። ውባለም ትፈርማለች፣ ሰረዝ ታደርጋለች፣ ለብዙነሽ ታቀብላለች፤ ብዙነሽ አራቷን ፊደል ትጽፋለች። ኋላ ኋላ እጇ ተፍታታ፤ «ነ»ዋም እግሯን ሰበሰበች። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እኔ ከጎኗ ቆሜ ስሟ ሲደጋገም አያለሁ። ያን ሁሉ ዓመት አብሬያት ስኖር ያን ያህል ጊዜ ተጽፎ አይቼው አላውቅም።

በመጨረሻ ወርቅነሽ ደረሰች። ሰልፉን ሁለት ጊዜ ለቃ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች፣ አይቻታለሁ። ካሴቷን ዘረጋች፣ ዓይኗ መሬት ነው።

«ለማን ብዬ ልጻፍ?» አለች ብዙነሽ።

«አንቺ ደግሞ!»

«ሥራ ላይ ነኝ እታለም። ስምሽን ተናገሪ።»

«ወርቅነሽ።»

«እሱን መጻፍ አልችልም። እንግዲህ የኔን ይዘሽ ግቢ።»

ወርቅነሽ ሳቋን መያዝ አቃታት፣ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ። «በድዬሻለሁ ብዙነሽ። እዚሁ ልበልሽ ወይስ ተሰልፌ?» አለች። ብዙነሽ ጻፈችላት፣ ካሴቱን ስትሰጣትም እጇን ሳትለቅ ትንሽ ያዘቻት። በዚያው ቀረ። ዛሬም ጎረቤቶች ናቸው፣ ዛሬም ይነካከሳሉ።

ስንመለስ ይርጋ የፊት ወንበሩን ለብዙነሽ ሰጣት፤ እኔ ከኋላዋ ተቀመጥኩ። መኪናው ውስጥ ያ ሁሉ አሽሟጣጭ አሁን «እትዬ ብዙነሽ ውኃ ይጠጡ»፣ «እትዬ ብዙነሽ መስኮቱ ይዘጋ?» ይላል። ሲሪንቃን ስናልፍ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩ።

«ብዙዬ፣ እኔም አላመንኩሽም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይዘሽኝ ሄድሽ?»

«ሰልፉ ረጅም ነው ሲሉኝ ጥላ የሚይዝልኝ ሰው ፈልጌ ነዋ።» ቀጥላም ሳትዞር፦ «አልሰማሁም ማለትህ ግን ደግ አደረግህ። ዋሽተህልኝ ቢሆን ግጥሙ ከአፌ አይወጣም ነበር» አለች።

እኔ ብዙ ነገር ኮርቼበታለሁ፤ ቤት ሠርቻለሁ፣ ልጅ ድሬያለሁ፣ የተበሳ ጎማ የያዘ ሰው መንገድ ላይ አላሳደርኩም። እንደዚያ ቀን ግን ደረቴ የሰፋበትን አላስታውስም። በሳምንቱ ሐራ ሰርግ ነበር። ብዙነሽ ከበሮዋን ይዛ ስትገባ ዳሱ ተነሥቶ ነው የተቀበላት፤ እሷም እስኪበቃት አወረደች።

ውባለም በሚቀጥለው ኅትመት ላይ ስሟን አሳትማለች ብለውኛል። እኔ አላየሁትም፤ ግን አምናለሁ። ዛሬ ካሴትም የለም፣ ኢስሐቅም የሞባይል ዕቃ ይሸጣል። ያች ዘፈን አሁን በየስልካችሁ ውስጥ አለች፣ ሚሞሪ ላይ ጭናችሁ ስትዘፍኗት እሰማለሁ፤ ደስም ይለኛል። ስልክ ግን እንደ ካሴት ስም የሚጻፍበት ሽፋን የለውም። ከድምፁ ጋር ስም አይመጣም። ብዙነሽም ይኸው አርጅታለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እንደዚያ ቀን ለሁሉም ልጻፍ ብትል አትችልም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ አላስቸግራችሁም፣ አንዲት ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ። ያችን የጎማ ግጥም የሰማችሁ ዕለት፣ በመኪናም ይሁን በሰርግ፣ የመርሳዋን ብዙነሽን አስታውሱልኝ።